ዛቡን ያስረከበው አባት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንዲት በቅሎ ነበሩት።

የሺመቤት፣ ስለ ልጄ ጠይቄው ስለ በቅሎ ያወራኛል ብለሽ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ሚልኪያስ ቁጭ አይልም፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ ሲጠሩት የሰማ አይመስልም፤ ባለፈው ዓመት የክፍሉን ልጆች እየነካካ ሲያስለቅስ ነው የከረመው። ሐኪም ዘንድ ወስደሽው ትኩረቱን መሰብሰብ ይቸግረዋል፣ ለጊዜው ያለ መድኃኒት በአያያዝ እንርዳው ብሎሻል፤ አያያዙንም አስተምሮሻል። ክረምቱን ሙሉ ደክመሽ ልጁ መለወጡን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን አዲስ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። «አባባ፣ ለአዲሷ አስተማሪ ስለ አመሉ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ከነገርኳት ገና ሳታውቀው ትጠላብኛለች» አልሽና የቀረውን ዋጥ አደረግሽው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አዎ ወይም አይ ብዬ መመለስ አልወድም፤ ጠያቂው ደጃፌን ሳይሻገር ይረሳዋል። ስለዚህ ስለ በቅሎዋ ስሚኝ።

ገበሬው ሀብታም አልነበረም፤ ድሃም አልነበረም። አገሩ ሁለት አምባ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቁልቁል ሲያዩት የሚያዞር ገደል አለ። ከወዲህኛው አምባ ወደ ወዲያኛው መሻገሪያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የድንጋዩን ወገብ ይዞ የሚሄድ፣ ስፋቱ ከአንዲት በቅሎ የማይበልጥ መንገድ ነው። ከግራ ድንጋይ ነው፤ ከቀኝ ምንም የለም። ሁለት ባለበቅሎ መሃሉ ላይ ከተገናኘ አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ መተላለፍ የሚባል ነገር አይታሰብም።

በቅሎዋ ዳማ ትባላለች። ጉልበቷ የተመሰከረለት ነው፤ እግሯም ድንጋይ አይስትም። ግን ጆሮዋ አንድ ቦታ አያርፍም። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትዞራለች፣ ወፍ ሲነሳ ትዞራለች፣ ኮርቻ ሊጭኑባት ሲሉ እንዝርት ትሆናለች። መንገድ ስትጀምር እንደ እሷ ያለ የለም፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን ወዴት እየሄደች እንደነበር ትረሳዋለች።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ ጎረቤት አሳጥረህ እሰራት አለው። አሳጥሮ አሰራት፤ ከገመዱ ጋር ስትታገል አድራ አንገቷ ተላጠ። ሌላው ጥጋብ ነው፣ ገብሷን ቀንስባት አለው። ቀነሰባት፤ ከሳች እንጂ አልረጋችም። ሌላው ደግሞ ያንኑ አንቺም ስትሰሚው የከረምሽውን መከረው፤ አለንጋ። ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን የሰው ዓይን አስጨንቆታል። ገበያ በወጣ ቁጥር ዛሬስ ማን ነው ማንን የጋለበው እያሉ ይስቁበታል። ስለዚህ መታት። ከዚያ ወዲህ እጁን ባነሳ ቁጥር፣ ፊቱን ለማሻሸት እንኳ ቢሆን፣ በቅሎዋ አንገቷን ቀልብሳ ትሸሸዋለች። አንድ ጠዋት ልጓም ሊያገባላት ሲጠጋ ጭኑን ረገጠችውና አልጋ ላይ አዋለችው።

አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳለ በበሩ በኩል ወደ ወንዙ ሜዳ ያያል። በቅሎዋን ውሃ የምታጠጣው አሁን ልጁ ናት። ልጂቱ አትጎትታትም፤ ሜዳው ላይ ትለቃታለች። ዳማ ላብ እስኪያጠምቃት ትሮጣለች፣ ትዞራለች፣ ትፈነጥዛለች፤ ሲበቃት ተመልሳ ልጂቱ ፊት ትቆማለች። ያቺ መቆም የማታውቅ በቅሎ፣ ኮርቻ ሲጫንባት፣ ቀበቶው ሲጠብቅ፣ ምንም ሳትል ትቆማለች። ገበሬው መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም። ልጁ ስትመለስ ምን እንዳደረገቻት ጠየቃት።

«ምንም አላደረግኳትም» አለችው። «መሮጥ ነበር የፈለገችው፤ ሮጠች።»

ገበሬው ሲድን አለንጋውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ አባትና ልጅ የበቅሎዋን ነገር እየተማሩ ከረሙ። ጠዋት ከሁሉ በፊት ሩጫ ሆነ፣ ኮርቻው ከዚያ በኋላ። የሚጭኗትም ሁልጊዜ አንድ ግራር ሥር ነው፤ ፊቷን ወደ አጥሩ መልሰው፣ ላይ ታች የሚል ነገር በማታይበት። ከሩቅ ሲጮኹባት እንደማትሰማ ደረሱበት። ስለዚህ ጠጋ ይሏታል፣ አንገቷ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ «በይ ዳማ» ይሏታል አንዴ፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። ለገበሬው የከበደው ያ መጠበቅ ነው። እሱ የለመደው አንድን ነገር ደጋግሞ መናገርና በመጨረሻ መቆጣት ነበር፤ ብዙ ወላጅም የለመደው ይህንኑ ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ ይቆራርሱላታል፤ እስከዚያች ዛፍ፣ ከዛፏ እስከ ቋጥኙ። ቋጥኙ ጋ ስትደርስ እዚያው ጨው ያልሷታል። ልጂቱ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። አባቷ አንድ ቀን ጨውን ማታ ቤት ስንገባ እሰጣታለሁ ቢል፣ እስከ ማታማ ለምን እንደተሰጣት ትረሳዋለች ብላ ከእጁ ተቀብላ አላሰቻት። ስትሳሳት አይመቷትም፤ ዝም ብለው ከነበረችበት ቦታ መልሰው እንደገና ያስጀምሯታል።

በአንድ ጀንበር የሆነ እንዳይመስልሽ። ተሻላት ባሉ ማግስት ገበያ መሃል ጭነቷን አራግፋ የሰው በርበሬ የበተነችበት ቀን አለ። ያን ቀን ገበሬው ቤቱ ገብቶ አለንጋውን ከግድግዳው አወረደው። እንደያዘው ቆመ። ልጁ በሩ ላይ ሆና አየችው። መልሶ ሰቀለው። እኔ ግን በቅሎዋ ተገራች የምለው ያን ቀን ነው።

ጊዜው ደርሶ የማዶው አምባ ሰዎች ልጂቱን ለልጃቸው ጠየቁ። የሙሽራው አባት ሀብታም ሰው ነው፤ ዘመዱ ብዙ ነው፣ ስሙም ትልቅ ነው። ገበሬው ደስ አለው፤ ትንሽም ፈራ። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ።

በዚያ አገር ወግ ሙሽራ የምትሄደው በአባቷ በቅሎ ነው። አባት ዛቡን፣ ማለት የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር፣ በገዛ እጁ ይዞ ከደጃፉ ያወጣትና ለአንደኛው ሚዜ ያስረክባል። ካስረከበ በኋላ ፊቱን አዙሮ ቤቱ ይገባል። አይከተልም። የተከተለ አባት አማቾቹን አላመነም ማለት ነው፤ ለእነሱ ይህ ከስድብ ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ጋብቻም አለ ይባላል። ሙሽራዋም ከአባቷ ደጅ እስከ አማቷ ደጅ ድረስ ተሸፋፍና ነው የምትሄደው፤ መንገድ ላይ አንዲት ቃል አትተነፍስም።

ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ አስቦበታል። ሚዜውን ለብቻው ጠራ አድርጌ የዳማን ነገር እነግረዋለሁ ብሏል። የሚለውንም አዘጋጅቷል፤ ሲያርስ ሲውል በልቡ ይለማመደው ነበር። ሰባራ አሞሌ ጨውም በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ይዟል፤ ከዛቡ ጋር አብሮ ሊሰጠው።

የሠርግ ቀን ግን ሰውን ከሰውነቱ ያወጣዋል። ጎረምሶቹ ሊሸልሟት ብለው ዳማን ገና ሳይነጋ ግንድ ላይ አስረዋታል። ማን ያስሩጣት? የምታስሮጣት ልጅ ጓዳ ውስጥ በእንሶስላ እጇን ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የዳማ ግንባር ላይ ቀይ ዘርፍ አንጠለጠሉባት፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ዓይኗ ላይ ይወዛወዛል። ገበሬው ከድንኳኑ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ድንኳኑ ሲሮጥ አንዴ አየት አደረጋት። ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ብቻ ነው፣ ትችለዋለች ብሎ አለፈ።

ከዚያ አጃቢው መጣ። አንደኛው ሚዜ ደልዳላ፣ በቅሎ በመግራት ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ሙሽራዋ ከጓዳ ወጣች፣ በቅሎዋ ላይ ተቀመጠች፣ እልልታው ቀለጠ። ገበሬው ዛቡን ይዞ ወደ ሚዜው ተራመደ፤ ያን ሊናገር ያለውን ቃል በልቡ ይፈልጋል። ሚዜውን ጠራ ሊያደርገው እጁን ዘርጋ ሲያደርግ የሙሽራው አጎት በቅሎዋን ከላይ እስከ ታች ተመለከታትና «ጨዋ በቅሎ ናት፤ የጨዋ ቤት በቅሎ» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ገበሬው አፉን ከፈተና ዘጋው። አሁን ምን ይበል? አይ፣ ጨዋ እንኳ አይደለችም ይበል? መጀመሪያ ካልሮጠች አትረጋም፣ ደጋግመው ከተናገሯት ይጠፋባታል፣ ጨው ካልላሰች ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች ይበል? እነዚያ ሁሉ ሰዎች እየሰሙ? ልጃችንን በታመመች በቅሎ ሰደደልን ቢሉስ? በበቅሎዋ ጀምረው ወደ ልጂቱ ቢሻገሩስ? ዛቡን ሰጠ። ልብ በይ፣ የሺመቤት፤ ሰውየው አልዋሸም። ዝም ነው ያለው።

ፊቱን አዙሮ ገባ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ጠላ ቀረበለት፣ እንኳን ደስ አለህ ተባለ። ኩታውን ሊያስተካክል ሲል እጁ ቋጠሮውን ነካ። ጨው። ጨው እሱ ጋ ነው ያለው። በዚያች ደቂቃ ጠባቡ መንገድ ታየው፣ ከቀኝ በኩል ያለው ባዶ ነገር ታየው፣ ኮርቻው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ታየው፤ ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሳ።

ሚስቱ ድንኳኑ በር ላይ አገኘችው።

«ወዴት ነው?»

«አልነገርኩትም» አላት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችም። እሱ የጠበቀው «ሰው ምን ይላል» የምትለውን ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትላት የኖረችውን። እሷ ግን ከበሩ ፈቀቅ አለችለት። «ሂድ» አለችው። «ሰው የሚለውን እኔ እዚሁ ሆኜ እቀበላለሁ።»

ሮጠ። ትልቅ ሰው ሲሮጥ አያምርም፤ ያውም የሠርግ ልብስ ለብሶ። በማሳው መሃል አቋረጠ፣ ያ የተረገጠው ጭኑ ጠዘጠዘው፣ አልቆመም። ከሩቅ ዘፈኑ ይሰማዋል፣ ጭብጨባው ይሰማዋል። ዘፈኑ እስካለ ድረስ ደህና ናቸው እያለ ይሮጣል። አፋፉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዘፈኑ ቆመ። አበቃ ሳይባል፣ መሃል ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገበሬው በሕይወቱ እንደዚያ የፈራበት ቀን የለም።

ሲደርስ መንገዱ ከሁሉ በሚጠብበት፣ ድንጋዩ ሆዱን ወደ ገደሉ በነፋበት ቦታ ላይ ዳማ ተገትራለች። ለሙሽራዋ የተያዘውን ጃንጥላ ነፋስ ገልብጦ ገደል ከትቶታል፤ በቅሎዋ በዚያ ደንግጣ ኋላዋን ወደ አፋፉ አዙራለች። የአንደኛው የኋላ እግሯ ኮቴ ግማሹ አየር ላይ ነው። ሚዜው ከፊቷ ሆኖ ዛቡን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ በሁለት እጁ ይጎትታል፤ እሱ በጎተተ ቁጥር እሷ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ወደ ኋላ ትላለች። ከኋላዋ ሁለተኛው ሚዜ አለንጋ አንስቷል። ልጂቱ ኮርቻው ላይ ናት፤ ልውረድ ብትል መውረጃ የላትም። ሰፋ ያለው ቦታ ላይ የቀረው አጃቢ ሁሉ ከዚያው ሆኖ ያዛል፤ አንዱ ሳባት ይላል፣ አንዱ ምታት ይላል፣ አንዱ አትምታት ይላል።

ገበሬው የልጁን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ጩኸቱ ያለው ይበቃል። በሰዉ መሃል አልፎ ጠባቡ ላይ ገባ፤ የሁለተኛውን ሚዜ ክንድ ከኋላ ያዘ፤ አለንጋውን ቀስ ብሎ ተቀበለውና መሬት አስቀመጠው። ሚዜውን ወደ ኋላ መልሶ በእሱ ቦታ ቆመ። ሰዉ ዞር ብሎ ሲያይ የሙሽራዋ አባት ነው። የሙሽራ አባት እዚያ ቦታ መታየቱ ራሱ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው።

ወደ ዛቡ መድረስ ግን አይችልም። በቅሎዋ መንገዱን ሞልታዋለች። የሚያውቀውን ሁሉ እያወቀ፣ እጁ እዚያ አይደርስም፤ ዛቡ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው። ያለው ነገር አፉ ብቻ ነው።

«ወንድሜ» አለው ሚዜውን፣ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ አሻግሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛቡን ከክንድህ ፍታው።»

«በቅሎ መያዝ አንተ አታስተምረኝም» አለ ሚዜው፣ ዓይኑን ከበቅሎዋ ሳይነቅል።

«በቅሎ ታውቃለህ» አለ ገበሬው። «ይቺን ግን አታውቃትም፤ ስላልነገርኩህ ነው። እንዲህ መሆኗን እያወቅኩ፣ እናንተ ፊት እንዳልዋረድ ብዬ ደብቄ ሰጠሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የአንተም አይደለም፣ የእሷም አይደለም።»

ይህን ያለው ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ የሙሽራው አጎትም እየሰማ ነው። ደጃፉ ላይ ለአንድ ሰው ጆሮ ሊለው ያልደፈረውን ገደል አፍ ላይ ለሁሉም አለው። ሚዜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ክንዱ ላይ ያለው ጠፍር ሲላላ ታየ።

«ብለቃት ትወረወራለች» አለ። አሁን ድምፁ የበቅሎ ገሪ ድምፅ አልነበረም።

«አትልቀቃት። አላላላት ብቻ።»

አላላላት። የዳማ አንገት ትንሽ ወረደ። ከኋላ ኮቴዋ ሥር ጠጠር ተንሸራቶ ወደ ታች ሄደ።

«አሁን ፊትህን አዙርላት። ዓይን ዓይኗን አትያት። "በይ ዳማ" በላት፤ አንዴ።»

«በይ ዳማ፣ በይ፣ በይ በይ» አለ ሚዜው፤ ሰው ሲጨንቀው አንድ ቃል አይበቃውም።

«አንዴ ብቻ። ከዚያ ጠብቅ።»

ሚዜው አንዴ አለ፤ ዝም አለ። ያ ዝምታ እንዴት እንደረዘመ እዚያ የነበሩት ናቸው የሚያውቁት። ገበሬው የልጁን ጀርባ ያያል። ቀጥሎ እንሶስላ የሞቀ እጇ ከካባው ውስጥ ወጣ፣ የበቅሎዋ አንገት ላይ፣ ያው የለመደችው ቦታ ላይ አረፈ። ወጉ አትናገሪ ነው የሚለው፤ መዳፍሽን አታሳርፊ አላለም። የዳማ ጆሮ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ አንደኛው ወደ ልጂቱ፣ አንደኛው ወደ ሚዜው ዞረና ቆመ። ያቺን አየር ላይ የነበረች እግሯን ሰበሰበችና ድንጋይ ላይ አሳረፈቻት።

«ከፊትህ ያለው ጎባጣ ድንጋይ ይታይሃል?» አለ ገበሬው። «እስከዚያ ነው የምትሄዱት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስብ። እዚያ ስትደርስ ቁምና ጨው ስጣት።»

ሚዜው ሳይዞር «ጨው የለኝም» አለ።

ጨው ገበሬው ጋ ነው። ኩታውን ፈታ፤ በድንጋዩ በኩል ትከሻውን አሹልኮ፣ በዚያ ጭኑን ረግጦ በሚያውቀው የኋላ እግር አጠገብ፣ እጁን ወደ ኮርቻው ዘረጋ። ልጂቱ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። ጣታቸው ተነካካ። ጨውን ተቀብላ ወደ ፊት አጎንብሳ ለሚዜው አቀበለችው። ዛቡን በደጃፉ አስረክቦ ነበር፤ በቅሎዋን ግን ያስረከበው ገና አሁን ነው።

ሄዱ። ጎባጣው ድንጋይ ጋ ቆሙ፤ ዳማ ጨውን ላሰች። ቀጥሎ ያለውንም ማረፊያ ገበሬው ጠቆመ። ከዚያ በኋላ ግን መናገር አላስፈለገውም፤ ሚዜው ራሱ ፊት ፊቱን እያየ ድንጋይ መረጠላት፣ ራሱ ቆመ፣ ራሱ አላሳት፣ አንገቷን እየነካካ ጎበዝ አላት። ያን ዓይኗ ላይ የሚወዛወዘውን ቀይ ዘርፍ ማንም ሳይነግረው ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ገበሬው ከኋላ ዝም ብሎ ተከተለ።

ማዶ ሲደርሱ ሚዜው አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሰዉ ተራ በተራ ተሻግሮ ከበባቸው፤ ሁሉም የሚያየው ገበሬውን ነው። ወግ ያፈረሰ አባት፣ ደብቄ ሰጠኋችሁ ብሎ በገዛ አፉ የመሰከረ አባት። ገበሬው ጸብ ጠበቀ፤ ለጸቡም ራሱን አዘጋጀ።

«በደጃፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለው ሚዜው።

ገበሬው መሬት መሬት አየ።

ሚዜው ከተቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። «ተቀመጥ» አለው። «ዳማም ከኛ ጋር ነው የምትኖረው እኮ። ጠዋት ስትነሳ ምን ታደርጉላታላችሁ? ከዚያ ጀምረህ ንገረኝ።»

ገበሬው ተቀመጠና ነገረው። የሙሽራው አጎትም ጠጋ ብሎ ሰማ። ሙሽራዋ ከነካባዋ፣ አጃቢው ከነዘፈኑ፣ ማዶ ቤት የተጣለው ዳስ ከነድግሱ ሁሉም ጠበቃቸው፤ ተነሱ ያላቸው የለም።

እንግዲህ የሺመቤት፣ ልጄን በበቅሎ መሰለው ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። በቅሎዋ አመሉ ናት፤ ያ ሐኪሙ ስም ያወጣለት ችግሩ። ሚልኪያስ ኮርቻው ላይ ነው ያለው። ተሸፋፍኖ ነው የተቀመጠው፤ መጀመሪያ ልሩጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፣ ሥራውን ቆራርሱልኝ፣ ስጨርስ ወዲያው ጎበዝ በሉኝ ብሎ መናገር ገና አይችልም። አንቺ ክረምቱን ሙሉ ተምረሽዋል። አስተማሪዋ ደግሞ ሚዜው ናት፤ ልጅ ታውቃለች፣ ይሄን ልጅ ግን አታውቀውም። ሰኞ ክፍል ውስጥ ሲቅበጠበጥባት የምትጎትተው ክፉ ሆና አይደለም፤ ሌላ የነገራት ስለሌለ ነው። አንቺም ያን ጊዜ እዚያ የለሽም፤ ብትኖሪም እጅሽ አይደርስም።

መጀመሪያ ላትቀበልሽ ትችላለች፤ ሚዜውም መጀመሪያ አልተቀበለም። አንቺ ግን ስሞታ አድርገሽ አትንገሪያት፣ አቤቱታም አታድርጊው። እንዲህ ሲሆን እንዲህ ሳደርግለት ይረጋል በያት፤ ከአጠገቧ ታስቀምጠው፤ በሁለታችሁም ዘንድ ቃሉ አንድ ይሁን። የሐኪሙም ቀጠሮ አይቅር፤ መድኃኒት ያሻዋል ካለሽ ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ትመካከሪበታለሽ። ሰው ምን ይላል የምትዪውን ደግሞ ለእኔ ተዪልኝ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እቀበልልሻለሁ።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ ሜዳው ላይ ይሩጥ። ከዚያ እጁን ይዘሽ ሂጂ። በሩ ላይ እጁን ለአስተማሪዋ ስትሰጫት ግን፣ ጨውን በነጠላሽ ጫፍ እንደቋጠርሽ እንዳትመለሺ።